ከኦስሎ ወደ ስቶክሆልም በአውሮፕላን፦ ጉዞውን ከቤት በር እስከ ቀጠሮ በር ማቀድ

ኦስሎና አካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስቶክሆልም የሚሄድበት ምክንያት አያጣም። እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ኖርዌይን ጨምሮ የኖርዲክ አገሮችን ስለሚሸፍን፣ ፓስፖርት ለማሳደስ፣ ውክልና ለመስጠት ወይም ቢጫ ካርድ ለማውጣት ጉዞው ግድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውጭ ሠርጉ አለ፣ ክርስትናው አለ፣ ለቅሶው አለ። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት 385 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የበረራ ጊዜም አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። «አንድ ሰዓት እኮ ናት» ብሎ ያቅድና ቀጠሮው ያልፍበታል፤ በርካሽ ገዛሁ ያለው ትኬትም በሻንጣና በባቡር ክፍያ እጥፍ ይሆንበታል። ሥራ ላይ ፈቃድ ጠይቆ፣ ልጅ ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ያሳዝናል። በጥቂት ጥንቃቄ ሊቀር የሚችል ነገር ስለሆነ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እናስተካክል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ትኬት ላይ እንደሚጻፈው ባለ 24 ሰዓት ናቸው። ለሚቀበልዎ ዘመድም የመድረሻውን ሰዓት በቃል ከመንገር የትኬቱን ፎቶ ይላኩለት። 15:00ን አንዱ ሦስት ሰዓት፣ ሌላው ዘጠኝ ሰዓት ይለዋልና። ሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ በዚያ በኩል የሚያስብ ነገር የለም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ

ወረቀት ያውጡና ከቤትዎ በር ጀምረው ይደምሩ። ኦስሎ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሒሳብ ይህን ይመስላል፦ ከቤት እስከ ኦስሎ ዋና ባቡር ጣቢያ 25 ደቂቃ፣ ባቡር መጠበቂያ 10፣ ባቡሩ እስከ ጋርደሞን (የኦስሎ አውሮፕላን ማረፊያ) 23፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ 90፣ በረራው 60፣ አርላንዳ (የስቶክሆልሙ ማረፊያ) ላይ ወርዶ ባቡር ጣቢያው ለመድረስ 25፣ ባቡር ጠብቆ መሀል ስቶክሆልም ለመግባት 30። ድምሩ 263 ደቂቃ ይሆናል፤ አራት ሰዓት ከ23 ደቂቃ ማለት ነው። ከዚያ ወደሚሄዱበት ቤት ወይም ቢሮ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ከባቡር ጋር ያስተያዩት። ከኦስሎ ስቶክሆልም የሚሄደው ቀጥታ ባቡር አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ የሚነሳውም የሚያደርሰውም መሀል ከተማ ነው። ቤትዎን ለቀው ጣቢያው እስኪደርሱና እስኪሳፈሩ ያለውን 40 ደቂቃ ቢጨምሩበት ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይሆናል። አውሮፕላኑ የሚያተርፍልዎ እንግዲህ ሁለት ሰዓት እንኳን አይሞላም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ካለብዎት አውሮፕላኑን ይያዙ፤ በባቡር አይሆንም። አድረው የሚመለሱ ከሆነ፣ በተለይ ቤተሰብ ይዘው ወይም ብዙ ዕቃ ተሸክመው ከሆነ፣ የባቡሩን ዋጋ ሳያዩ የአውሮፕላን ትኬት አይግዙ። ባቡር ላይ ሻንጣ አይመዘንም፤ ወጥ የያዘ ዕቃ ይዘው ቢገቡም የሚከለክልዎ የለም። ባቡሩን ከመረጡ ግን መስመሩ ላይ የጥገና ሥራ ሲኖር የመንገዱ ከፊል በአውቶቡስ ስለሚተካ፣ የቀንዎ ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በባቡር መሆኑን ሳይከፍሉ በፊት ያረጋግጡ።

ከትኬቱ በፊት ወረቀትዎን ይዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይህን ክፍል ነው፤ የትኬት ስሕተት በገንዘብ ይታረማል፣ የወረቀት ስሕተት ግን ከበር ያስመልሳል።

ኖርዌይም ስዊድንም የሼንገን አባል ናቸው። በመካከላቸው ሲበሩ እንደ አዲስ አበባ በረራ ማኅተም የሚመታበት መስኮት አያልፉም። ይህን አይተው «ፓስፖርት አያስፈልግም» የሚሉ አሉ። ለኖርዲክ ዜጎች የፓስፖርት ግዴታው ቀርቷል፤ ለሌላው ሰው ግን አልቀረም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርትና የኖርዌይ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን፣ ሁለቱንም አብሮ መያዝ አለበት። ካርዱ ብቻውን የጉዞ ሰነድ አይደለም። አገሮቹ በውስጥ ድንበራቸው ላይ ጊዜያዊ ቁጥጥር ስለሚያደርጉ አርላንዳ ላይ ከአውሮፕላኑ በር ወይም ከኮሪደሩ ላይ ፖሊስ ሰነድ ሊጠይቅ ይችላል። አየር መንገዱም ጌት ላይ መታወቂያ ሊያይ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ችግር ብዙዎችን ያጠምዳል። ፓስፖርቱን ለማሳደስ ኤምባሲ የሚሄደው ሰው ፓስፖርቱ አስቀድሞ ጊዜው ካለፈበት በምን ይጓዛል? ስለዚህ ዛሬውኑ ፓስፖርትዎን ገልጠው የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ከአንድ ዓመት በታች ከቀረው ዕድሳቱን አሁን መጀመር ነው። ቀኑ ካለፈ ደግሞ «የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ» ብለው ትኬት አይቁረጡ፤ መጀመሪያ ኤምባሲው ዘንድ ደውለው በፖስታ ወይም በሌላ መንገድ የሚሠራበት ሁኔታ ካለ ይጠይቁ።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላቸው ሰዎች ሰነዱንና የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ይዘው መጓዝ ይችላሉ። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰዎች የያዙት የጠያቂነት ካርድ ግን ድንበር አያሻግርም፤ ሰው ሄዶ ሳይያዝ ስለተመለሰ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። የኖርዌይ ዜግነት የወሰዱ ደግሞ ፓስፖርታቸውን ወይም የኖርዌይን ብሔራዊ መታወቂያ ይያዙ። መንጃ ፈቃድ ዜግነት ስለማያሳይ ፖሊስ ፊት አያስተማምንም።

ከኢትዮጵያ ለጉብኝት የመጡ እናት ወይም አባት ይዘው የሚጓዙም አሉ። የኖርዌይ ኤምባሲ የሰጣቸው ቪዛ የሼንገን ከሆነና ቀኑ ካላለፈ ስዊድንም ይሠራል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ቢሆንም ስቶክሆልም ደርሶ ኦስሎ መመለስ መግቢያውን አይበላም፤ ከሼንገን ክልል አልወጡምና። ለንደን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብሪታንያ የሼንገን አባል ስላልሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፣ ወደ ኦስሎ መመለሱም እንደ አዲስ መግቢያ ይቆጠራል። በኖርዌይ የመኖሪያ ፈቃድ ስዊድን የሚቆየው ሰውም ሆነ ጎብኚው የ90 ቀኑን ገደብ አይርሳ፤ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም።

ኤምባሲ የሚሄዱ ከሆነ ከበረራው በፊት ቀጠሮውን ያስይዙ። ቀጠሮ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ምን ምን ሰነድ ከነኮፒው እንደሚጠየቅ፣ ክፍያው በምን እንደሚፈጸም፣ ጉዳዩ በዚያው ቀን የሚያልቅ ወይም ሌላ ቀን የሚያስመልስ መሆኑን ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ማንኛውንም ኮፒ ኦስሎ ላይ ጨርሰው ይሂዱ። በማያውቁት ከተማ ፎቶ ኮፒ ፍለጋ መንከራተት የቀጠሮ ሰዓት ያሳልፋል።

ቀኑን መምረጥ

በዚህ መስመር ላይ ሰኞ ጠዋት፣ ሐሙስና አርብ ማታ፣ እሑድ ማታ የሥራ ተጓዥና የሳምንት መጨረሻ ተጓዥ ስለሚበዛ ትኬቱ ይወደዳል። ማክሰኞና ረቡዕ ረከስ ይላል። ለኤምባሲ ጉዳይ ደግሞ እነዚህ ቀኖች ራሳቸው ይመቻሉ።

በዓላቱን በሁለት በኩል መቁጠር ያስፈልጋል። የእኛ ፋሲካ ከፈረንጆቹ ጋር ሲገጥም፣ በ2025 ሁለቱም ሚያዝያ 20 (እዚህ ያሉት ወሮች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንደዋሉት፣ ትኬቱ ይጣደፋል፤ አገሩ በሙሉ ዕረፍት ላይ ነውና። በ2026 ግን የእነሱ ሚያዝያ 5፣ የእኛ ሚያዝያ 12 ነው። በ2027 ልዩነቱ ይሰፋል፤ የእነሱ መጋቢት 28፣ የእኛ ግንቦት 2 ነው። እንዲህ ባሉ ዓመታት ለፋሲካ ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው በተራ ሳምንት ዋጋ መብረር ይችላል። ለገና ሲሆን ጥር 6 ስዊድን ውስጥ የሕዝብ በዓል መሆኑን ያስታውሱ፤ ከበዓል ዕረፍት የሚመለሰው ሰው የሚበዛው በዚያው ሰሞን ነው። ሰኔ 6 የስዊድን ብሔራዊ ቀን ነው፤ የሰኔ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ያለው የሚድሶማር (የስዊድኖች የበጋ በዓል) አርብም ስቶክሆልም ውስጥ ብዙ ነገር የሚዘጋበት ነው። የኦስሎ ተማሪዎች የክረምት ዕረፍት በ8ኛው ሳምንት፣ የመጸው ዕረፍታቸው በ40ኛው ሳምንት ስለሚውል እነዚያን ሳምንታትም ቢያልፏቸው ይሻላል። ኤምባሲው በኢትዮጵያ በዓላትም ሊዘጋ ስለሚችል ቀኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

በአንድ ቀን ለመመለስ ካሰቡ ዕቅዱ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። ሲሄዱ 07:00 አካባቢ የሚነሳውን የጠዋት በረራ፣ ቀጠሮውን ደግሞ 11:00 ገደማ። አውሮፕላኑ 08:00 ቢያርፍ 09:00 መሀል ከተማ ነዎት፤ አንድ ሰዓት ቢዘገይም ቀጠሮው አያልፍዎትም። የጠዋቱ የመጀመሪያ በረራ የመዘግየት ዕድሉ ያነሰ ነው፤ የቀኑ መዘግየት ከበረራ ወደ በረራ እየተጠራቀመ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነውና። ሲመለሱ ከ18:00 በፊት ያለውን አይያዙ፤ የመጨረሻውንም አይያዙ። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ከያዙ፣ ቢሰረዝ እንኳን የሚሳፈሩበት ሌላ በረራ ይቀራል።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ተጨማሪ ጊዜ ይመድቡ። ክንፉ ላይ የተጋገረው በረዶ በሞቀ ፈሳሽ ሳይታጠብ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ ወረፋ ካለ ይህ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ትኬቱን መግዛት

በቀጥታ የሚበሩት በዋናነት ኤስ ኤ ኤስ እና ኖርዌጂያን ናቸው። ሲፈልጉ «ቀጥታ በረራ ብቻ» የሚለውን ይምረጡ፤ ካለዚያ በኮፐንሃገን ዞሮ የሚሄድ ትኬት ርካሽ መስሎ ይመጣል። ዞሮ መሄድ ለአንድ ሰዓት መንገድ ግማሽ ቀን መስጠት ነው።

የማረፊያውን ስም በደንብ ያንብቡ። ኦስሎ ማለት ጋርደሞን ነው፤ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይርቃል። እስከ 1998 ድረስ ከተማው አጠገብ የነበረው ፎርነቡ ተዘግቶ ነው ወደዚያ የተዛወረው፤ የድሮ ሰዎች እስካሁን ያንን ቅርበት ይናፍቃሉ። ቶርፕ የሚባለውም «ኦስሎ» ተብሎ ይሸጣል፤ እሱ ግን ሳንደፊዮርድ አጠገብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በስቶክሆልም በኩል የሚፈልጉት አርላንዳ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ስካቭስታና ቬስቴሮስ ስማቸው ላይ ስቶክሆልም ቢለጠፍም እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ።

ስም አጻጻፍ ላይ ረጋ ይበሉ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ የትኛውን በየትኛው ሳጥን እንደሚያስገቡ ግራ ይገባል። መፍትሔው ፓስፖርትዎ ላይ አለ። ፎቶዎ ያለበትን ገጽ ይግለጡና ከግርጌ ያሉትን ሁለት ረጃጅም መስመሮች ይመልከቱ። የላይኛው ፓስፖርት መሆኑን በሚያመለክት ፊደል ይጀምራል፣ ቀጥሎ ሦስት ፊደል የአገር ኮድ፣ ከዚያ ስም ይከተላል። ሁለት የቀስት ምልክቶች ተደጋግመው እስኪመጡ ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከሁለቱ ቀስቶች በኋላ ያለው መጠሪያ ስም ነው። ትኬቱ ላይ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው የእንግሊዝኛ ፊደል ያስገቡ። ፀሐይ፣ ጽጌ፣ ኃይሌ የመሳሰሉት ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፉ፣ የሚከተሉት ፌስቡክ ላይ ያለውን ሳይሆን ፓስፖርቱን ይሁን። ለዘመድ ትኬት የሚቆርጡ ከሆነ የፓስፖርቱን ፎቶ አስልከው እያዩ ይጻፉ።

ከራሱ ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ ይግዙ። ሻጭ ድረ ገጾች ጥቂት ክሮነር ቀንሰው ያሳያሉ፤ ነገር ግን ስም ለማረም፣ ቀን ለመቀየር ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ሲፈለግ አየር መንገዱ ወደ ሻጩ፣ ሻጩ ወደ አየር መንገዱ ይመራዎታል። በዚህ መሀል የተጉላሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

በዚህ መስመር ላይ ሁለት የአንድ መንገድ ትኬቶች ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልሱ ጋር ዋጋቸው ይቀራረባል። ከተቀራረበ ለየብቻ ይግዙ። ደርሶ መልስ ትኬት ላይ መሄጃውን ሳይበሩበት ከቀሩ መመለሻው አብሮ ሊሰረዝ ይችላልና። ደግሞም መሄጃውን ከአንዱ፣ መመለሻውን ከሌላው አየር መንገድ በሚስማማዎ ሰዓት መምረጥ ይችላሉ።

ሸባ ማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኞች ነጥብ) የምታጠራቅሙ፦ ኤስ ኤ ኤስ በ2024 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አባል ከሆነበት የአየር መንገዶች ኅብረት፣ ከስታር አላያንስ፣ ወጥቶ ስካይቲም የሚባለው ሌላ ኅብረት ውስጥ ገብቷል። በስታር አላያንስ በኩል ነጥብ ይያዝልኛል ብላችሁ እሱን አትምረጡ።

ከአርላንዳ ተነስተው ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ስቶክሆልም የሚሄዱም አሉ። ሁለቱ ትኬቶች በአንድ ላይ የተቆረጡ ካልሆኑ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው፤ አጭሩ በረራ ዘግይቶ ረጅሙ ቢያመልጥዎ ማንም አይተካልዎትም። የሻንጣ ፈቃዱም ይለያያል። ለአዲስ አበባ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ተፈቅዶ ሳለ ለአጭሩ በረራ ለእያንዳንዱ ይከፍላሉ። ከዋዜማው ሄዶ ዘመድ ቤት ማደር ነው ደኅናው።

ሻንጣና ስንቅ

ርካሹ የትኬት ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚፈቅደው ከፊት መቀመጫ ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ሲከፍሉ የሚታየውን የቦርሳ መጠን በሴንቲ ሜትር ይለኩት፤ ጎማውና እጀታውም ይቆጠራል። ሻንጣ የሚያስፈልግ ከሆነ ትኬቱን ሲገዙ አብረው ይክፈሉ፤ ጌት ላይ የሚከፈለው ከሁሉም ይወደዳል።

የእኛ ስንቅ ፍተሻ ላይ ችግር ያመጣል። በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ የተወሰነ ነው፤ ቅቤ፣ ማር፣ አዋዜ፣ ወጥ፣ ጠጅ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። አዲስ ዓይነት ማሽን ያላቸው ማረፊያዎች ደንቡን ማላላት ጀምረዋል፤ ነገር ግን በመሄጃው ቢያልፍ በመመለሻው ላያልፍ ስለሚችል በ100 ሚሊ ሊትሩ ያቅዱ። እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ በእጅ ያልፋሉ፤ ዱቄቱን ግን አውጥተው ሊፈትሹት ስለሚችሉ ከቦርሳው በላይ በኩል፣ ታሽጎና ምንነቱ ተጽፎበት ይሁን። ወጥ ለሠርግ የሚወስዱ ከሆነ ለሚጫን ሻንጣ ይክፈሉ፤ በሚገባ ከድነው፣ በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልለው መሀል ላይ ያስቀምጡት።

ጫት ኖርዌይም ስዊድንም ውስጥ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚቆጠር ነው። ለማንም ብለው፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን አይያዙ። ምንነቱን ያላዩትን የሰው ዕቃም አይቀበሉ።

የጉዞው ቀን

ቼክ ኢን ከአንድ ቀን በፊት በስልክዎ ይጨርሱና ቦርዲንግ ፓሱን ስክሪን ሾት ያድርጉ። የእጅ ቦርሳ ብቻ ከያዙ ጋርደሞን ከበረራው 90 ደቂቃ በፊት መድረስ ይበቃል፤ ሻንጣ ካስረከቡ ሁለት ሰዓት ያድርጉት። ጌቱ ከመነሻው ሰዓት 15 ወይም 20 ደቂቃ አስቀድሞ ይዘጋል፤ ትኬቱ ላይ 07:00 ካለ እርስዎ 06:40 ከመሆኑ በፊት በር ላይ ይገኙ።

ከኦስሎ ዋና ጣቢያ የሚወስዱዎ ሁለት ዓይነት ባቡሮች ናቸው። ፍሊቶጌ የሚባለው ፈጣኑ በ19 ደቂቃ ያደርሳል። ቪ (Vy) የሚባለው ድርጅት ባቡሮች ደግሞ 23 ደቂቃ ገደማ ይፈጃሉ፤ ዋጋቸው ግን ግማሽ ያህል ነው። ለአራት ደቂቃ እጥፍ መክፈል ትርጉም አይሰጠኝም። የሩተር (የኦስሎ ከተማ ትራንስፖርት) ትኬትም ማረፊያው ያለበትን ዞን 4ኤን ድረስ ከያዘ በቪ ባቡር ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ የወር ካርድ ያለዎት ሰው የሚቀሩትን ዞኖች ብቻ በመተግበሪያው ይጨምራሉ። ፍሊቶጌ ላይ ግን የሩተር ትኬት አይሠራም፤ መድረኩ ላይ ቀድሞ የመጣውን ባቡር ዘለው ከመግባትዎ በፊት የማን እንደሆነ ይዩ።

አርላንዳ ሲደርሱ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ። አርላንዳ ኤክስፕረስ በ20 ደቂቃ አካባቢ መሀል ከተማ ያስገባል፤ በጣም ውድ ነው፣ ቀድሞ በኢንተርኔት ለገዛና በቡድን ለሚሄድ ግን ቅናሽ አለው። ፔንደልቶግ የሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር ማረፊያው ውስጥ ስካይ ሲቲ ከሚባለው ቦታ ሥር ካለው ጣቢያ ይነሳል፣ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከመደበኛው ትኬት በላይ የጣቢያ መግቢያ ክፍያ አለበት። ሦስተኛው የነዋሪው መንገድ ነው። 583 ቁጥር አውቶቡስ ይዘው ማርስታ ይወርዱና ከዚያ ፔንደልቶግ ይይዛሉ። የመግቢያ ክፍያው የለም፤ 75 ደቂቃ የሚሠራው ተራ የከተማ ትኬት ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ይበቃል። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኔ ሲሄዱ ቀጠሮ ላለበት ሰው ፈጣኑን፣ ሲመለሱ የማርስታውን እመርጣለሁ። ፈጣን ባቡሮቹን በሁለቱም ከተሞች ደርሶ መልስ ከተጠቀሙ ለባቡር ብቻ ከአንድ ሺህ ክሮነር በላይ ያወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከትኬቱ ጋር የሚፎካከር ወጪ ነው።

ክፍያ በካርድ ነው፤ ማሽኑ «በኖርዌይ ክሮነር ወይስ በስዊድን?» ብሎ ከጠየቀ የስዊድኑን ይምረጡ፣ አለበለዚያ በሱቁ ምንዛሪ ይከፍላሉ። ስዊሽ የሚባለው የስልክ መክፈያ የስዊድን ባንክ ሒሳብ ይጠይቃልና አይተማመኑበት። የኖርዌይ ስልክ መስመርዎ ስዊድን ውስጥ እንደ አገር ቤቱ ይሠራል።

ሲመለሱ፦ ጉምሩክ

ኖርዌይ የሼንገን አባል ብትሆንም የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ስለዚህ ፓስፖርት ሳይጠየቁ ቢያልፉም ጋርደሞን ላይ ጉምሩክ አለ፤ የሚታወጅ ዕቃ ያለው በቀይ፣ የሌለው በአረንጓዴ መስመር ያልፋል። ስቶክሆልም ከዘመድ የተላከልዎ ሥጋና አይብ ካለ፣ ከስዊድን የተገዛ እስከሆነ ድረስ ለአንድ ሰው በድምሩ 10 ኪሎ ይፈቀዳል። ከኢትዮጵያ የመጣ ቅቤ፣ አይብ ወይም ቋንጣ ግን ለግል ፍጆታም ቢሆን ስዊድንም ኖርዌይም አያስገቡም፤ የእናት እጅ ሥራ መሆኑ ደንቡን አይለውጠውም። ከ25,000 የኖርዌይ ክሮነር በላይ የሚያወጣ ጥሬ ገንዘብ ከያዙ ሲገቡም ሲወጡም ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የዕቁብ ወይም የሠርግ ገንዘብ የሚይዙ ይህን ልብ ይበሉ።

በረራው ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ

የአውሮፓ ኅብረት የመንገደኞች መብት ደንብ፣ ቁጥር 261/2004፣ ኖርዌይ ላይም ይሠራል። ከሁለት ሰዓት በላይ ሲዘገይ አየር መንገዱ ምግብና መጠጥ ማቅረብ አለበት፤ በሚቀጥለው ቀን ከሆነ ማደሪያም ጭምር። አምስት ሰዓት ካለፈ ጉዞውን ትተው ሙሉ ገንዘብዎን ማስመለስ ይችላሉ። መድረሻዎ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተው ከደረሱና ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ፣ ለዚህ ርቀት ካሳው ለአንድ ሰው 250 ዩሮ ነው። ከበረራው 14 ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነግረው ከሰረዙም ካሳው ሊገባዎ ይችላል። አውሎ ነፋስና ከባድ በረዶ ካሳውን ያስቀራሉ፤ ምግቡንና ማደሪያውን ግን አያስቀሩም።

ሲሰረዝ ወረፋው ላይ ቆመው ሳለ በስልክዎ የአየር መንገዱን መተግበሪያ ይክፈቱ፤ ሌላ በረራ የሚያስይዘው ቀድሞ የጠየቀው ነው። ገንዘብ መመለስ ወይም በሌላ መንገድ መድረስ የሚለው ምርጫ የእርስዎ ነው፤ ቫውቸር ብቻ ካቀረቡልዎ መቀበል ግዴታ የለብዎትም። የመዘግየቱን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ፎቶ ያንሱ፣ የበሉበትን ደረሰኝ ይያዙ። ጥያቄውን ራስዎ በአየር መንገዱ ቅጽ ላይ ያስገቡ፤ ካሳ እናስገኛለን የሚሉ ድርጅቶች ከሚገኘው ላይ ድርሻ ይቆርጣሉ። አየር መንገዱ እምቢ ካለ ኖርዌይም ስዊድንም የሸማቾችን ቅሬታ የሚያዩ አካላት አሏቸው፤ ማመልከቻውን በዚያው በያዙት ፎቶና ደረሰኝ ይልካሉ። ኤምባሲ ቀጠሮዎ ከተበላሸም በዚያው ሰዓት ለኤምባሲው ደውለው የመዘግየቱን ማስረጃ በኢሜይል ይላኩና ሌላ ሰዓት ይጠይቁ።